ነጩን ድንኳን የመረጥኩት እኔ ነኝ

«እጅሽን አንሺ! ጨርቁን አትንኪው ብዬሽ አልነበር?» ብዬ እህቴ ላይ ስጮህ፣ ዝናቡ ከያዘን ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ልጅ ሳለሁ ነው፤ እኔ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ ሀዋ ሰባት አልሞላትም። በትኩሳት እየነደደች ተጋድማ፣ ከላይዋ የረገበውን እርጥብ የድንኳን አቡጀዲ በጣቷ ነካ ስታደርገው፣ የነካችበት ቦታ ውሃ ቋጠረ፤ ከዚያ ጠብ፣ ጠብ፣ ግንባሯ ላይ። «ቀዝቃዛ ነው፣ ደስ ይላል» አለችኝ። እናቴ ከእግሯ ሥር ቁጭ ብላ እግሯን ታሻታለች።

ከዳቡስ ወንዝ ማዶ የእናቴን ዘመዶች ጠይቀን ወደ አሶሳ ስንመለስ ነው ዝናቡ ከወቅቱ ቀድሞ የመጣብን። ወንዙ ሞልቶ መሻገሪያው ጠፋ፤ ወደ ኋላ እንዳንል በዋዜማው በእግራችን ያለፍነው ጅረት ራሱ ወንዝ ሆኗል። አባቴ ሣር አጭዶ ድንኳኑ ላይ ቢደርብበት፣ እርጥቡ ጨርቅ ክብደቱን አልችል ብሎ ከመሐሉ ተተረተረ። የቀረችን እሳት ገል ላይ ያለች አንድ እፍኝ ፍም ነበረች፤ እሷም እርጥብ ቀርከሃ ሲጨምሩባት ጭሷ ዐይን ያጠፋል እንጂ አታሞቅም።

ያንን ድንኳን ያስገዛሁት እኔ ነኝ። ያኔ ከኸልዋ፣ ከቁርዓን ትምህርት ቤቱ፣ የእንጨት ሰሌዳዬን ጥዬ የወጣሁ፣ ገበያ ለገበያ የምዞር፣ የነጋዴን ዐይን አይቼ ውሸቱን የማውቅ የሚመስለኝ ልጅ ነበርኩ፤ አባቴም ሰው ፊት ቢቆጣኝም በልቡ ይኮራብኝ ነበር። በበጋ፣ አሶሳ ገበያ ላይ፣ ከሱዳን በኩል የመጣ አንድ ሽማግሌ ሁለት ድንኳን ተክሎ ይሸጣል፤ አንዱ ከፍየል ጠጉር የተሠራ፣ ጥቁር፣ ከባድ፣ ሽታው የሚያስነጥስ፤ ሌላው ነጭ አቡጀዲ፣ አዲስ፣ አንድ አህያ የማይከብደው። አባቴ «እስቲ አንተ እይልኝ» አለኝ። ጥቁሩ ውስጥ ገብቼ ቀና ስል ፀሐይ በየቀዳዳው እንደ ኮከብ ትታያለች። ብቅ አልኩና ገበያው ሁሉ እንዲሰማ «አባ፣ ይሄ ድንኳን ሳይሆን ወንፊት ነው! ዱቄት እንንፋበት!» አልኩ። ሰው ሳቀ።

ሽማግሌው አልተቆጣም። «ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ፣ ጠጉሩ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ቀዳዳው ይዘጋል። ፀሐይ ያስገባል እንጂ ዝናብ አያስገባም፣ ወላሂ!»

«ወላሂ የሚበዛው ዕቃው አልሸጥ ሲል ነው፣ አባቴ» አልኩት። ሰው እንደገና ሳቀ። አባቴ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ነጩን ገዛ።

የእናቴ ወንድም ኢድሪስ፣ ኻል ብለን የምንጠራው፣ በዚያ መንገድ አብሮን ነበር። ኻል ተረት አዋቂ ነው። ያኔ በደህናው ጊዜ፣ እቤታችን የማሽላ አገዳ እሳት ዙሪያ ተሰብስበን፣ ነበልባሉ ወርዶ ፍሙ ብቻ ሲቀር፣ የኩራዟ ብርሃን ግማሽ ፊቱን ሲያበራው ነበር የሚጀምረው። ቀን ላይ ብንለምነው «ፀሐይ እያየችን?» ብሎ ያባርረናል፤ ተረት በቀን ያወራ ሰው ከቤተሰቡ አንዱ መንገድ ላይ ይቀርበታል እየተባለ ነው ያደግነው።

በዚያ በሦስተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ሀዋ «ኻል፣ የጃርቱን ንገረኝ» አለች። ሲመሽ ይላታል ብዬ ጠበቅኩ። ኻል እናቴን አያት፤ እናቴ ንገራት በሚል ራሷን ነቀነቀች፤ እሱም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ በቀን ብርሃን፣ የዝናብን ልጅ ሊያጭ ስለሄደው ጃርት ማውራት ጀመረ። እስከ ማታ እንደማትደርስ ሁለቱም አውቀዋል ማለት ነው።

ጃርቱ የዝናብ ደጅ ሲደርስ የኻል ድምፅ ተቆረጠ። ፊቱን በእጅጌው ሸፍኖ ወጣ።

አሁን አሁን ሰው ድንኳን ምረጥልኝ ሲለኝ ፀሐይ ላይ አላይም። አስተክዬ፣ አንድ እንስራ ውሃ ላዩ ላይ አስደፍቼ፣ ከሥሩ ገብቼ ቁጭ እላለሁ፤ ነጋዴዎቹ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ግን ምን ይሠራልኛል? ከዳቡስ ዳር አምስት ሆነን ሰፍረን አራት ሆነን ነው የተነሳነው። አባቴ እስከ ዛሬ ስለ ድንኳኑ አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም፤ ቢረግመኝ ይቀለኝ ነበር። ከዚያ ሁሉ ዝናብና ጭስ ዛሬ ጥርት ብሎ የሚሰማኝ የሀዋ ድምፅ ብቻ ነው።

ኻል ሲወጣ ተረቱን እኔ ቀጠልኩት። ድንኳኑን እኔ ነኝ ያስገዛሁት ልላት አፌን ከፍቼ ነበር፤ የወጣው ግን ጃርቱ ሆነ። በሩን አንኳኳ፣ ልጅቷን ሰጡት፣ ሠርግ ተደገሰ፣ አገሩ ሁሉ በላ ጠጣ፤ ሞት እንዳይቀድመኝ እየፈራሁ አጣደፍኩት። ሀዋ ዐይኗን ገለጠች፤ እንደ ድሮዋ ተቆጥታ ነበር።

«ተሳስተሃል። መጀመሪያ እሾሁን ያራግፋል እኮ፤ እንዲሁ ከገባ ይወጋታል። አትቸኩል፤ ከመጀመሪያው ጀምርልኝ።»