ከምግብ ጋር የሚወሰድ

ጉልበቴን ሲያመኝ ከሁሉም የከበደኝ ሱጁድ ነበር። መቆም እችላለሁ። ጎንበስ ማለትም እንደምንም እችላለሁ። ግንባሬን መሬት ማስነካት ግን አቃተኝ። ኢማማችን "ተቀምጠሽ ስገጂ፣ አላህ አያስጨንቅም" አሉኝ። ባለቤቴ የቀርከሃ ዕቃ ሠራተኛ ነው። ይህን እንደሰማ ወንበር ሠራልኝ። አሶሳ ውስጥ እንደዚያ ያለ ወንበር ያለ አይመስለኝም፤ መደገፊያው ላይ አበባ ሳይቀር አውጥቶበታል። አላፊ አግዳሚውን እየጠራ ያሳየዋል።

"እስቲ እዩልኝ" ይላል፤ "እሷ እዚህ ላይ ስትሰግድ የሡልጣን ሚስት ነው የምትመስለው።"

"አንተ ሡልጣን ነህ ማለት ነው?" አለችው አንዴ እህቱ።

እኔ የሡልጣን ሚስት መምሰል አልፈለግሁም። የፈለግሁት ግንባሬ መሬት እንዲነካ ነው።

ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሟ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች፣ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች ልጅ ናት። የመገጣጠሚያ ሕመም ነው፣ መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ነው፣ ጠዋትና ማታ አለችኝ። ጀመርኩት። እብጠቱ ቀስ በቀስ ጎደለ። አንድ ቀን በሱብሂ ሶላት ወረድኩ፣ ወረድኩ፣ ግንባሬ ምንጣፉ ላይ ደረሰ። አልሐምዱሊላህ። ደስ ብሎኝ እዚያው ቆየሁ። ባለቤቴ እንቅልፍ የወሰደኝ መስሎት በትከሻዬ ነቀነቀኝ።

ከዚያ ጨጓራዬ ተነሣ። ከደረቴ ሥር የሚነድድ ነገር ገባ። ተመልሼ ሄድኩ።

"እናቴ፣ ይህ ክኒን ባዶ ሆድ አይወድም" አለች ሐኪሟ። "ከምግብ ጋር ነው የሚወስዱት?"

"አዎ" አልኩ።

"ሌላ የሕመም ማስታገሻ አይደርቡበት። ሚጥሚጣውን ይተዉት፤ በባዶ ሆድ ቡናም አይጠጡ። ሰገራዎ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሰዎት ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይምጡ።" ከዚያ ካርዴን ዘጋችው። "ቃጠሎው ካልበረደ ግን መድኃኒቱን አቆመዋለሁ። ጉልበት አድናለሁ ብዬ ጨጓራ አላደማም።"

እውነቷን ነው። እኔ ግን ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ክኒኑ ከቆመ ወደ ወንበሩ እመለሳለሁ።

ወሬው ሰፈር ደረሰ። መጀመሪያ የመጣችው ጎረቤቴ ናት። የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናት፤ ልጆቻችንን አብረን ነው ያሳደግነው። በእሷ አማርኛ እኔ ወንድ ነኝ። በእኔ በርታኛ እሷ ምን እንደሆነች ደግሞ አላህ ይወቅ፤ ነግራኝ አታውቅም፣ ትስቃለች ብቻ። የማሽላ ገንፎና የባሚያ ወጥ ይዛ መጣች። ወጡ በማንኪያ ሲነሣ ክር ይመዝዛል።

"ይሄ ብላ" አለችኝ። "ሆድህ ውስጥ ይለጠፋል። እሳት አያገኘውም፣ ወላሂ።"

የባለቤቴ እህት ተልባ ቆልታ፣ ወቅጣ አመጣች። ባሚያውን ስታይ ፊቷን አጨማደደች። "የወሎ ሆድ ይህን የት ያውቀዋል? የወሎ ሆድ የሚያውቀው ተልባ ነው።"

"የወሎ ሆድ አሶሳ ከመጣ ስንት ዓመት ሆነው?" አለች ጎረቤቴ። "ኸላስ፣ የእኛ ሆነ።"

መምህርት የሆነችው ልጄ ደግሞ ስልኳን እያነበበች ሙዝ በይ፣ ፓፓያ በይ፣ የጥቅል ጎመን ጭማቂ ጠጪ አለች። ጉባ ግድቡ ጋ የሚሠራው ወንዱ ልጄ በመኪና የጫካ ማር ላከ። ሁሉንም በምስጋና ተቀበልኩ። የመጣ ስጦታ አይመለስም። ሐኪሟንም በስልክ አስጠየቅኳት። "ባሚያውም ተልባውም ምግብ ነው፣ ይብሉት፤ ለሆድም ይለሰልሳል። የመድኃኒት ምትክ ግን አይደለም። ተልባውን ከክኒኑ ሰዓት ያራርቁት" አለች።

እንደዚያው አደረግሁ። ጠዋት ገንፎውን አገነፋለሁ፣ ባሚያውን አሞቃለሁ፣ ረፋድ ላይ ተልባውን እበጠብጣለሁ። ባለቤቴ ገንፎ ይወዳል። የጎረቤቴ ልጆች ልጆችም ሽታው ሲደርሳቸው ይመጣሉ። ቀርከሃ ሊገዛ የመጣ ሰውም ቢሆን ሳይበላ አይሄድም። ቤታችን የጨጓራ ማገገሚያ ሆነ። ባለቤቴን ለዓመታት ሲያስመርረው የኖረው ቃር ጠፋ። ፊቱ ወዛ። ቀበቶው አልደርስ ብሎት በቀርከሃ መብሻው አዲስ ቀዳዳ በሳበት።

የእኔ ቃጠሎ ግን ባለበት ነበር።

በዚህ መካከል ረመዳን መጣ። ለታመመ ሰው ፈቃድ እንዳለ አውቃለሁ። ቢሆንም ልቤ እሺ አላለም። ኢማማችንን ስጠይቃቸው "ሐኪሟ ያለችሽን አድርጊ" አሉኝ። ሐኪሟ አሰበችና ክኒኑን ከንጋት በፊት ወደሚበላው ሱሁርና ወደ ማፍጠሪያ ሰዓት አዛወረችው። "ይሞክሩት። ከባሰብዎት ግን ጾሙን ያፍርሱና ይምጡ። ቃል ይግቡልኝ።" ገባሁ።

ቤተሰቡ ሁሉ አደጋ ጠበቀ። ልጄ የሐኪም ቤት ካርዴንና ነጠላዬን በፌስታል አድርጋ በር ላይ ሰቀለች። ባለቤቴ የባጃጅ ነጂውን "ስልክህን እንዳታጠፋ" አለው።

አንድም ነገር አልሆነም። እንዲያውም ቃጠሎው በረደ። የረመዳን አጋማሽ ላይ ጨጓራ እንዳለኝ ረሳሁ። ቆሜ፣ ወርጄ፣ ተነሥቼ እንደ ልቤ ሰገድኩ።

ክርክሩ ያኔ ተነሣ። ጎረቤቴ "ባሚያ ነው" አለች። የባለቤቴ እህት "ተልባው አሁን ገና መሥራቱ ነው፤ ተልባ ትዕግሥት ይፈልጋል" አለች። ልጄ ስለ ሙዝ የምትለው ነበራት። ባለቤቴና እኔ የረመዳን በረካ ነው አልን።

ኢድ አለፈ። በሳምንቱ እሳቱ ተመልሶ መጣ።

ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። የቀጠሮዬ ቀን ከልጄ ጋር ስሄድ ሐኪሟ ምን እንደምትል አውቄው ነበር። ሆዴን ጫን ጫን አደረገች፤ ፊቴን አየች።

"ዛሬ ጠዋት ምን በሉ?"

"ገንፎ።"

"ምን ያህል?"

"የሚበቃ።"

"ለማን?" አለች።

ነጠላዬን አስተካከልኩ። ልጄ ገባችበት።

"እማ፣ የዛሬውን ገንፎ አባዬ ነው የበላው።"

"እኔም ቀምሻለሁ።"

"ከድስቱ ጠርዝ!"

"የድስቱ ጠርዝ ላይ ያለው ምንድን ነው? ያው ገንፎ ነው።"

"የትናንት ማታውስ?" አለች ሐኪሟ።

"ማታ እንግዳ ነበረ።"

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "በረመዳንስ ይበሉ ነበር?"

"በረመዳንማ እንዴት አልበላም? ሱሁር መብላት ሱና ነው፤ በረካ አለው። ማፍጠርም አይዘገይም። ቴምሩን፣ ሾርባውን ከሁሉም ጋር እኩል እበላለሁ።"

"በሌላው ጊዜስ?"

"በሌላው ጊዜ ማን አዘዘኝ?"

"እኔ ነኛ!" አለች። "እኔ አዝዣለሁ፤ መድኃኒቱ ላይ ሳይቀር አስጽፌያለሁ!" ከዚያ ሳቋ መጣባት፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ልጄም ሳቀች። እኔ ግን እያሰብኩ ነበር።

እናቴም እንዲሁ ነበረች። በሰፈራ ስንመጣ ልጅ ነበርኩ። በዚያ ዘመን እናቴ ቁጭ ብላ ስትበላ አይቼ አላውቅም። "ጠገብኩ" ስትል ግን ሁልጊዜ እሰማ ነበር። እኔም ልጆች፣ ባል፣ እንግዳ ካበላሁ በኋላ የተረፈውን መቃመስ መብላት ይመስለኝ ነበር። ረሃቡም አይሰማኝም። ክኒኑ ግን ያውቃል።

"አንድ ቀጠሮ እሰጥዎታለሁ" አለች ሐኪሟ። "እስከዚያ በረመዳን እንደበሉት ይብሉ። አሁንም ካቃጠለዎት ግን መድኃኒቱን አቆማለሁ።"

ባለቤቴ ጉዳዩን ሲሰማ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። "የሚስቴን ጨጓራ ስበላ ነው የከረምኩት!" አለ። ቀበቶውንም አየው። ከዚያ ወዲያ ጠባቂዬ እሱ ሊሆን ወሰነ። በማግስቱ ጠዋት ገንፎውን ፊቴ አስቀምጦ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

"ብይ።"

"አንተስ?"

"ለእኔ አታስቢ። ብይ።"

አንድ ሰው ሳይበላ ቁጭ ብሎ እያየኝ እንዴት ይወርድልኛል? ሁለት ጊዜ ጎረስኩ። ሦስተኛውን ሳላስበው ወደ እሱ ዘረጋሁት። እሱም ሳያስበው አፉን ከፈተ።

"አባዬ!" አለች ልጄ ከጓዳ።

"ጉርሻ ነዋ! እጇን ልመልሰው?" አለ አፉን ሞልቶ።

በሁለተኛው ቀን ዓይኑን ወደ ግድግዳ አዞረ። ይህም አልሆነም፤ የተጣላን መሰለኝና ልለማመጠው ሌላ ጉርሻ ሰጠሁት። በሦስተኛው ቀን ውጭ ሆኖ በር ጠበቀ። "ገብታችሁ እንዳታዩአት፣ እየበላች ነው" እያለ ሰው ይመልሳል። ከደጄ ሰው ሲመለስ ሰምቼ አላውቅም። እኔው ወጥቼ ሁሉንም አስገባኋቸው። ገንፎው ለእነሱ ሆነ።

እሱ የመለሳት ጎረቤቴ ግን ዘንቢሏን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ባለቤቴን ከላይ እስከ ታች አየችው።

"አንተ ዘበኛ ሆንክ?"

ነገሩን አስረዳት። ሰማችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ረመዳን ሁላችን አንድ ላይ በላን፣ አንተም በላህ። አሁን ብቻህን ብላ ሲሉህ አልበላህም። ይሄ ምን ይከብዳል? ሁላችን አንድ ላይ እንበላለን። ኸላስ።"

ሁላችንም ያላሰብነው ይህን ነበር። ከማግስቱ ጀምሮ ቁርስና እራት ሰዓት ተበጀላቸው። ልጄ ወደ ሥራ ሳትሄድ፣ ባለቤቴ መጋዙን ሳያነሣ፣ ጎረቤቴ ገንፎዋንና ባሚያዋን ይዛ፣ ሁላችንም ቢስሚላህ ብለን እኩል እጃችንን እንሰዳለን። የዘገየ ይጠበቃል፤ ቀድሞ የጎረሰ ቁጣ ይደርስበታል። የሁሉም አፍ ሲንቀሳቀስ የእኔም ይንቀሳቀሳል። ለማጉረስ ስዘረጋ የሁሉም አፍ ሙሉ ሆኖ አገኘዋለሁ። ጨው እንኳ አስቀድሜ እንዳልቀምስ ልጄ ከለከለችኝ፤ ወጡ አንዳንድ ቀን ጨው ይበዛበታል፣ ማንም ግን አያማርርም። የጉባው ልጄም በዚያ ሰዓት ይደውላል። ስልኩን ገበታው ጎን እናስቀምጠዋለን።

"እማ፣ በላሽ?"

"እየበላሁ ነው።"

"አኝኪልኝ፣ ልስማ።"

ሳኝክ ሊሰማ ይፈልጋል፤ እኔ የምሰማው ግን እሱ የካምፕ ዳቦውን ሲያኝክ ነው። ክኒኑን በመጨረሻው ጉርሻ ላይ እውጠዋለሁ። ተልባው ረፋድ ላይ ይመጣል፤ የባለቤቴ እህት እዚያው ቆማ ታስጨርሰኛለች።

ቀጠሮው ደረሰ። ሐኪሟ ሆዴን ተጫነች።

"እዚህ ጋ ያምዎታል?"

"አያመኝም።"

"እዚህስ?"

"አላህ ይመስገን።"

ረጅም ጊዜ ካርዱ ላይ ጻፈች። እኔ እጇን አያለሁ። "እንቀጥለዋለን" አለች በመጨረሻ። "ክትትሉ ግን አይቀርም፤ ምግቡም እንደዚሁ።" ልጄ መድኃኒቱን ልታወጣ ወደ ፋርማሲው ሄደች።

እኔ ወደ ግቢው ወጣሁ። ማንጎው ሥር ንጹሕ ሣር ነበረ። ተራ የሚጠብቁ ሰዎች አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ልቤ ስለሞላ ማንንም አላየሁም። የቂብላውን አቅጣጫ ለየሁና ለምስጋና ሱጁድ ወረድኩ። ጉልበቴ ታጠፈ፤ ግንባሬ ሣሩን ነካ። ሣሩ ቀዝቃዛ ነበር። ገና ምስጋናዬን ጀመርኩ ከማለቴ፦

"ኧረ እናትየው ወደቁ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

የጥበቃው ሰውዬ በአንድ ብብቴ፣ ሌላ ጎልማሳ በሌላው ገቡ። አንሥተው አግዳሚው ላይ አስቀመጡኝ። አንዱ በካርዱ ያራግበኛል።

"አልወደቅሁም፣ እየሰገድኩ ነው" አልኩ።

"ይቀባዥራሉ" አለ የሚያራግበው።

"ቁርስ ሳይበሉ መጥተው ነው" አለች አጠገቤ የነበረች ሴት። "እናቶች እኮ ለራሳቸው አያውቁም።" ከፌስታሏ ዳቦ አወጣችና እጄ ላይ አኖረችው። ለልጇ ይዛው የመጣችው መሰለኝ፤ ፌስታሏ ውስጥ ግን ሌላም ዳቦ ይታያል።

ጠግቤ ነበር። ገንፎው ገና ከደረቴ አልወረደም። ዳቦውን ከሁለት ከፈልኩት፣ ግማሹንም ወደ ሴትየዋ ዘረጋሁት። ቀና ስል ልጄ መድኃኒቱን ይዛ ቆማለች፤ ዳቦውን ታየዋለች፣ እኔን ታየኛለች።

እጄን ሰብስቤ ቢስሚላህ አልኩና ሁለቱንም ግማሽ በላሁ።