ጋዙን አይንኩ

ላሊበላ ላይ ሞተር ሳይክል የተበላሸበት ሰው ሁሉ ከፋለን ያውቀዋል። የገነተ ማርያም ልጅ ነው። ሙያውን የቀሰመው ወልድያ፣ አብዱልሀሚድ ከሚባሉ መካኒክ ዘንድ ነው። የሳቸውን ጨዋታ እዚያው ትቶ ጆሯቸውን ይዞ መጣ፤ ሞተር ሲጮህ ሰምቶ የታመመውን ቦታ ይነግርሃል።

አንድ ልማድ አለው፤ ሰፈሩ ይስቅበታል። ነዳጇን የሚመጥን አዲስ ኮምፒውተር የገባላትን ሞተር ከማስነሳቱ በፊት፣ ከበው የቆሙትን ሁሉ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ይመልሳል። ከዚያ ቁልፉን ይከፍትና ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል። «ከፋለ ለሞተር ውዳሴ ማርያም ይደግማል» ይላሉ ሥራ ፈቶቹ። ይሳቁ። ምክንያቱን ቢያውቁት ጥርሳቸውን ይከድኑ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በ2006 ዓ.ም. ነው። ውባንተ የሚባል የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር፤ በመሥሪያ ቤቱ ሞተር ገጠር ለገጠር እየዞረ ከብት ይከትባል። አንድ ጠዋት የሞተሯ ባትሪ አለቀና ከጭነት መኪና ባትሪ ሽቦ ስበው ሊያስነሷት ሞከሩ። ጉልበቱ በዛባትና ኮምፒውተሯ ተቃጠለ። ሌላ ከአዲስ አበባ ተገዝቶ መጣ፤ ከፋለ ገጠመው።

አዲስ ኮምፒውተር ደግሞ እንደ አዲስ ሠራተኛ ነው፤ የቤቱን አመል አያውቅም። ጋዙ፣ ያ የቀኝ እጁ መያዣ፣ ምን ያህል እንደተጠመዘዘ የምትነግረው አንዲት ትንሽ ሴንሰር አለች፤ ኮምፒውተሩ ግን ዝግ ማለት የቱ እንደሆነ ገና አልተማረም። ስለዚህ ቁልፉ ተከፍቶ፣ ጋዙ ሳይነካ፣ ቢጫዋ መብራት እስክትጠፋ ይጠበቃል። ያን ጊዜ ያየውን «ዝግ ማለት ይሄ ነው» ብሎ ይይዛል።

በእነ ውባንተ ቤት ደግሞ የራሳቸው ወግ አለ፤ ተጠግኖ የመጣ ነገር፣ ማረሻም ይሁን ሬዲዮ፣ እናት እጇን ሳትጭንበት ሥራ አይጀምርም። ከፋለ ቁልፉን እንደከፈተ የውባንተ እናት እትዬ ሽታዬ ደረሱ። ቀኝ እጃቸውን ልክ ጋዙ ላይ አሳርፈው መመረቅ ጀመሩ።

«መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ፤ ክፉ አይይህ፤ በሰላም ወጥተህ በሰላም ግባ...»

እጃቸው ከብዶት ጋዙ ጥቂት ዞረ። ከፋለ አየ። ምርቃቱ ሳያልቅ መብራቷ ጠፋች።

«እትዬ፣ እጅዎን ያንሱ» ማለት ነበረበት። ወይም እሳቸው ሲሄዱ ቁልፉን ዘግቶ እንደገና መጀመር። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ግን ምርቃት ላይ ያለች እናት እጅ እንዴት ይነሳል? ከምርቃቱ በኋላስ እንደገና መጀመር ምርቃቱን መናቅ አይመስልም? ይሉኝታ የሚሉት ክፉ በሽታ ያዘው። ሞተሯም ስትነሳ ድምፅዋ ደህና ነበር። ውባንተን ብልባላ ላይ ገበሬዎች ከብቶቻቸውን ይዘው ይጠብቁታል፤ ቸኩሎ ወጣ።

እንዲህ የተማረች ሞተር ጥቂት ጋዝ ሲሰጧት ዝግ ነው ብላ ነዳጁን ትቆርጣለች፤ ጨመር ሲያደርጉላት ደግሞ ባንዴ ትፈናጠራለች። ሜዳ ላይ ያስቃል። ውባንተ የተፈናጠረችበት ግን የገደል አፍ ኩርባ ላይ ነው። አስከሬኑን ከሥር አወጡት። «ፍጥነት ነው» ተባለ። ፍጥነት! በቅሎ ቀድማው ስታልፍ ሰላምታ የሚሰጥ ሰው ነበር።

ከዚያ ወዲህ የዚያች ሞተር ድምፅ ከከፋለ ጆሮ አልወጣም። ቅዳሜ ገበያ መሐል፣ ቅዳሴ ላይ ቆሞ፣ ጉርሻ አፉ ውስጥ እያለ፣ ቁርጥ ይልና እንደገና ይጮሃል። ዘወር ሲል ምንም የለም። ለነፍስ አባቱ ለአባ ወልደ ጊዮርጊስ «ቸኩዬ ሥራ አበላሸሁ፤ ሰው ሞተ» ብሎ ተናዘዘ። ሰባት ጊዜ አሸተን ማርያም ወጥተህ ስገድ አሉት፤ ወጣ፣ ሰገደ። የእትዬ ሽታዬን እጅ ግን ለነፍስ አባቱም ሸሸገ። ነገሩ ካፉ አንዴ ከወጣ ዞሮ ዞሮ እናቲቱ ጆሮ እንዳይደርስ ፈራ። በልጇ ሞት ውስጥ ምርቃቷ እንዳለበት የሰማች እናት በምን አንጀቷ ትኖራለች? እሱ ይዞት ሊቀበር ወስኖ ነበር።

በ2009 ሞተሯ ከመጋዘን ወጥታ ደጁ መጣች። የውባንተ ታናሽ ወንድም ዘመን እዚያው መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ለእሱ ተሰጥታለች። ኮምፒውተሯ በአደጋው ተሰንጥቋል። ከፋለ አልሠራም ሊል አሰበና፣ ሌላ ሰው ቢሠራትስ ብሎ ደነገጠ። ፈታ፣ አቃና፣ አዲሱን ገጠመ። ዘመንን አምስት እርምጃ መለሰው። ቁልፉን ከፈተ፤ እጁን ወደ ኋላ አጣመረ። ቢጫዋ መብራት በራች።

እትዬ ሽታዬ በበሩ ገቡ። ጥቁሩን ገና አላወለቁም።

«ይቺ አንዱን በልታብኛለች» አሉ፣ «ሁለተኛውን እጄን ሳልጭንባት ይዛብኝ አትሄድም።»

ቀኝ እጃቸውን ወደ ጋዙ ዘረጉ።

«አይንኩት!»

ከፋለ ከተወለደ በትልቅ ሰው ላይ ጮሆ አያውቅም። ዘመን ደርቆ ቀረ። የእትዬ ሽታዬ እጅ አየር ላይ ቆመ። መብራቷ ጥቂት ቆይታ ጠፋች፤ ሞተሯ በትክክል ተማረች። ከፋለ «ግራሶ አለው፤ እጅዎን ያቆሽሽብዎታል» ሊል ፈለገ። ዕንባው ቀደመው።

እሳቸው እሱን አዩት። ሞተሯን አዩ። ከዚያ መዳፋቸውን ገልብጠው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ያን ለታ ግን አልከለከልከኝም፣ ልጀ» አሉት።

«ነውር መስሎኝ ነው፣ እትዬ።»

እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱት። ዘመንን የመረቁት አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው፣ እጃቸውን ሳያወጡ ነው።