በዱቄት ሙጫ የሠራነው ተራራ

ባለፈው ሳምንት ጂንካ ገበያ ዳር አንድ ወጣት ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ሲለጥፍ የዱቄት ሙጫ ሸተተኝ። ቆሜ ቀረሁ። ሁሉ ነገር በፕላስተር በሚለጠፍበት ዘመን ዱቄት አብስሎ የሚለጥፍ ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም ነበር።

በደርግ ጊዜ ወጣት የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ለአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን ሊከፈት ሆነና፣ የአውራጃውን ተራራና ቆላ ጎላ አድርጎ የሚያሳይ ካርታ እንድንሠራ እኔና መምህር ማርቆስ ታዘዝን። ማርቆስ የአሪ ልጅ ነው፤ ተረብ አያልቅበትም። ታናሽ ወንድሜ ሰሎሞን ያኔ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነበር። ወሬው ከጠፋ ወራት አልፈዋል። ቁጭ ብዬ ስለሱ ከማሰብ ብዬ ሥራውን ወደድኩት።

ጋዜጣ እየቀደድን፣ ሙጫ ውስጥ እየነከርን በተራራ ቅርጽ ባጎበጥነው ሽቦ ላይ ደራረብን። አንዱ ሳይደርቅ ሌላው ከተደረበ ተራራው ይሰምጣል፤ የጂንካ ዝናብ ደግሞ ፋታ አይሰጥም። ከሰል አቀጣጥለን ከሥሩ አኖርን። ለቆላው ከአርቦሬ የመጣ አሸዋ ነሰነስን፤ ኦሞን በሰማያዊ ቀለም አወረድኩት።

በዚያ ሳምንት ሰው ሁሉ ተለወጠልኝ። ማርቆስ መተረቡን ተወ። ርዕሰ መምህሩ ከወንበራቸው ተነሥተው ሰላም ይሉኝ ጀመር። ጎረቤታችን እትዬ አስናቀች በዚያ ጭቃ ቆጮና ጎመን ይዘው ካርታውን የምንሠራበት አዳራሽ ድረስ ይመጣሉ።

«ብዪ የኔ ልጅ፤ በደንብ ብዪ። አቅም ያስፈልግሻል።»

«ለካርታ ነው እትዬ? እርሻ አደረጉት እኮ!» ብዬ ሳቅሁ።

እሳቸው አልሳቁም። ካርታው ያስከበረኝ መሰለኝና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ኮራሁ።

የበዓሉ ዕለት የአውራጃው አስተዳዳሪ በከዘራቸው ጂንካን ነካ አድርገው «ይቺ ናት አገራችን!» ሲሉ ጭብጨባው ቀለጠ። ማርቆስ መሬት መሬት ያያል።

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። አጎቴ ከቀይ አፈር ከተማ መጥቷል፤ ከኋላው ርዕሰ መምህሩና ማርቆስ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁት እትዬ አስናቀችም አሉ። ሰሎሞን ሞቷል። መርዶ ያለ ዘመድ አይነገርም። መንገዱ በዝናብ ተቆርጦ አጎቴ እስኪደርስ ድረስ የሰማ ሁሉ አፉን ዘግቶ ሰንብቶ ነበር።

እትዬ አስናቀች ደረታቸውን ሲደቁ እኔ ጥፍሬ ሥር የደረቀውን ሙጫ እፍቅ ነበር። «አልቅሺ እንጂ» አሉኝ። እንባ አልመጣም። ሠልስቱ አለፈ፣ አርባው አለፈ፤ ምንም። ካርታውን ተማሪዎች እየመጡ ይጎበኙት ነበር፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ አስረዳሁ።

አልተቀየምኳቸውም። ባዶ ሆዴን መርዶ እንዳልሰማ ነው የመገቡኝ፤ ከዚህ የበለጠ ደግነት አላውቅም። ግን ደግነቱ ራሱ ውስጤ የሆነ ቦታ ተበላሸ። አምና ጡረታ ስወጣ፣ ልጆቼ ሁሉ ሩቅ አገር ስለሆኑ፣ ባልደረቦቼ ደግሰውልኝ ነበር። ስገባ ሁሉም ብድግ አሉ። አንዷ ወጣት አስተማሪ እጇን ታጥባ መጥታ «ይጉረሱ እንጂ፣ ምነው አይበሉም?» ብላ አጎረሰችኝ።

ጉርሻውን ሳልውጥ ክንዷን ያዝኩና «የሞተው ከልጆቼ የትኛው ነው?» አልኳት።