የእትዬ ሰማያዊ ቀለበት

በልጅግ ሲባል እኔ የማውቀው ጠመንጃውን ነበር። ሰው የሚኖርበት፣ ቤልጂየም የሚሉት፣ የራሱ ቴሌቪዥን ያለው አገር መሆኑን የሰማሁት አሜሪካ፣ ኮሎምበስ መጥቼ፣ ያውም አፐር አርሊንግተን የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአንዲት አሮጊት ሳሎን ቁጭ ብዬ ነው።

ልጄ ተቀጥራ አሮጊቷን ትንከባከብ ነበር። ማጠቡንም መድኃኒቱንም እሷ ትሠራለች፤ እኔን ደግሞ ብቻዬን ቤት ከምውል ብላ ይዛኝ ትሄድና አጠገባቸው እቀመጣለሁ። እኔ እንግሊዝኛ አልችል። እሳቸውም ከታመሙ ወዲህ እንግሊዝኛው ጠፍቶባቸው የልጅነት ቋንቋቸው፣ በአገራቸው በበልጅግም የሚነገረው ሆላንድኛው ብቻ ነው የቀራቸው። እትዬ እላቸዋለሁ። እሳቸው ምን እንደሚሉኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ደግ ነገር ይመስለኛል።

እህታቸው ከበልጅግ የመንግሥት ቴሌቪዥን በካሴት እየቀዱ ይልኩላቸዋል። የዚያ አገር ካሴት በአሜሪካ ዴክ አልሠራ ብሎ ወንድ ልጃቸው ሁለቱንም የሚያጫውት ፈልጎ ገዝቶላቸዋል። እኔ ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ኋላ ነው እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ያስቆጠሩኝ፤ ስለዚህ ዓይኔ የሚይዘው ምልክቱን ነው። ከስክሪኑ ጥግ ቀጭን ሰማያዊ ቀለበት አለች። ሰዉ ሲመጣ ሲሄድ እሷ ካለችበት ንቅንቅ አትልም። አንዱ ፕሮግራም አልቆ ሌላው ሊጀምር ሲል ያቺው ቀለበት ትተልቅና ውሃ ላይ ትንከባለላለች፣ ረጋ ያለ ሙዚቃ ይመጣል። ከዚያ አንዲት ጸጉረ አጭር ሴት አበባ አጠገብ ተቀምጣ ሰላም ትልና ቀጥሎ የሚመጣውን ትናገራለች።

እትዬ ድራማውን እያንቀላፉ ነው የሚያዩት። ቀለበቷ ስትንከባለል ግን ቀና ብለው ጸጉራቸውን ያስተካክላሉ፣ ሴትዮዋ ሰላም ስትል አጸፋውን ይመልሳሉ። ልጄ ሾርባውን የምታቀርበው ያን ጊዜ ነው። እምቢ ብለው አያውቁም።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር አዲስ ካሴት መጣ። ቀለበቷ የለችም። በቦታዋ ቀይ አራት ማዕዘን ቁጭ ብሏል፤ ውሃውም ቀርቶ ቀዩ እየተገለባበጠ ከበሮ ይደለቃል። ሴትዮዋ ያቺው ናት፣ አበባው ግን ተነሥቶ ከኋላዋ ሁሉም ነገር ቀይ ሆኗል። ልጃቸው አክስቱ ጋ ደውሎ ሲጠይቅ ጣቢያው መልኩን ቀይሯል አሉት። እትዬ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሾርባውንም አልነኩ። የድሮዎቹን ካሴቶች እናጫውትላቸው እንዳንል፣ እህትየው ደግመው እንዲቀዱባቸው ተመልሰው ተልከዋል።

እንዲህ እንዳሉ ሳምንት አለፈ፤ ጉንጫቸው ጎደጎደ። ልጃቸው በየቀኑ ኮል ያደርጋል። በመጨረሻ ልጄ ስልኩን ዘግታ፣ "እስከ ቅዳሜ ካልበሉ ነርሲንግ ሆም አስገባቸዋለሁ እያለ ነው" አለችኝ።

እዚያ መጦሪያ ቤት ማን ቋንቋቸውን ይሰማል? እዚህስ ቢያንስ ያቺ ሴትዮ አለች።

ብልጥ ነኝ ብዬ ከልጄ ቦርሳ የቁስል ፕላስተር አወጣሁና ስክሪኑ ጥግ ላይ፣ ቀዩ ላይ ለጠፍኩበት።

"እማዬ፣ ምን እያረግሽ ነው?"

"ካላዩት ይረሱታል።"

"ሕፃን መሰሉሽ እንዴ?"

እትዬ ብድግ አሉ፣ ምርኩዝ እንኳ ሳይዙ። ፕላስተሩን ላጡና መጥተው እጄ ላይ ለጠፉልኝ። ልጄ ሳቋ አመለጣት። እኔ አፈርኩ።

እውነታቸውን ነው። በእኔ ዕድሜ የአገራችን አርማ ስንቴ ተቀየረ! አንበሳው ሲነሣ "ለእናንተስ ምናችሁ ነበር?" ብሎ የጠየቀኝ የለም። ማታ አንዱን አይተን እንተኛለን፣ ጠዋት ሌላ ይጠብቀናል። ዜና የሚያነበው ሰውዬ ግን ያው ነበር። ከኋላው ምን ቢሰቀል እሱ "እንደምን አመሻችሁ" ይላል፣ እኔም "እግዚአብሔር ይመስገን" እለዋለሁ። ልጆቼ ይስቁብኝ ነበር። ታዲያ ሰላም ያለ ሰው ዝም ይባላል?

ዓርብ ዕለት ቀዩ ተገለባብጦ ሲያበቃ ሴትዮዋ ብቅ ብላ ሰላም አለች። እትዬ ወደ ግድግዳው እንደዞሩ ናቸው። ሴትዮዋ ምን አጠፋች?

"እግዚአብሔር ይመስገን! አንቺስ እንደምን ዋልሽ የኔ ልጅ?" አልኳት ጮክ ብዬ።

እትዬ ዞረው አዩኝ። በጣታቸው ሴትዮዋን አሳዩኝና በቋንቋቸው አንድ ነገር አሉ፣ እንዲህ ነው የሚባለው እንደማለት። ደገምኩት። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አልሆነም። ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው አድርጌ እንደገና አልኩት።

"እማዬ፣ ትታነቂያለሽ!" አለች ልጄ ከኪችን።

"ዝም በይና ሾርባውን አምጪ!"

እትዬ ሳቁ። ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረው እሳቸው ራሳቸው መለሱላት፣ ስለ እኔ አማርኛ ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስል። ግማሽ ሳህን በሉ።

ቅዳሜ ልጃቸው የነርሲንግ ሆሙን ወረቀት ይዞ መጣ። እናቱ ማንኪያቸውን እንደ መምህር አለንጋ አንሥተው ሰላምታ ሲያስጠኑኝ በሩ ላይ ቆሞ አየ። ጎድጓዳው ሳህን ባዶ ነበር። ወረቀቱን አጥፎ ኮቱ ኪስ ከተተና አጠገባችን ቁጭ አለ።

ቀዩን እትዬ እስከ መጨረሻው አልወደዱትም። እየተገለባበጠ በመጣ ቁጥር ምላሳቸውን ያወጡበት ነበር። እኔም አብሬያቸው።