ከቴፑ ጫፍ የተረፈው ድምፅ

አሜሪካ ውስጥ፣ ሚነርቫ ፓርክ በሚባል ሰፈር የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ የቴሌቪዥን ቴክኒሺያን ቃለ መጠይቅ ሊሰጡኝ የተስማሙት በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነበር። ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። እኔ የፓሲፊክ ውቅያኖስ ደሴት በሆነችው በአሜሪካን ሳሞአ የሕዝብ ቴሌቪዥን እንዴት እንደተጀመረ ልጽፍ አስቤያለሁ። እሳቸው ደግሞ ከደሴቲቱ ያመጡት አንድ ትልቅ የቴፕ ጥቅል አላቸው፤ መያዣው ላይ የሟች ሚስታቸው ስም አለ። ሚስታቸው የደሴቲቱ ተወላጅና በቴሌቪዥን የሚያስተምሩ መምህርት ነበሩ።

«ይህን የሚያጫውት ማሽን ፈልግልኝ» አሉኝ፤ «ከቀበርኳት ወዲህ ድምፅዋን አልሰማሁም።»

ማሽኑን ያገኘሁት ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር፣ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ሊጣል ወረፋ ይዟል። ጠባቂው ድሮ አዲስ አበባ በእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ይሠሩ የነበሩ የአገሬ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ የሚሠራ ይመስልዎታል?»

«አንዴ ፕሌይ ያደርጋል። ሁለተኛውን ለእግዜር ተወው። ደግሞ እጅህን ከዚያ ላይ አንሳ! ያንተ ሥራ መጠየቅ ነው።»

ጋሼ ማሽኑን ሲጠርጉ እኔ ቴፑን ይዘው አብረውኝ የመጡትን ጡረተኛ ሽማግሌ ጠየቅኩ። ቴሌቪዥኑ ወደ ደሴቲቱ የገባው በስድሳዎቹ፣ መጀመሪያ ለትምህርት ቤቶች ነበር። ማሰራጫው ተራራ ላይ ስለነበር ሠራተኞቹ ከወደቡ በላይ በገመድ በተንጠለጠለች ሳጥን ይሻገሩ ነበር። የመንደር ልጆች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ከስክሪኑ ይማራሉ። በኋላ ትምህርቱ እየቀነሰ መጣ፤ ከዋናው አገር ከአሜሪካ በአውሮፕላን የሚላኩ ፕሮግራሞች ቦታውን ያዙ፤ ዘግይተው ቢደርሱም ሰው ሁሉ እንደ ዛሬ ነገር ያያቸዋል። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ ይስቁ ነበር።

ጋሼ ለቅጂ የሚሆን የቪዲዮ ካሴት አዘጋጁና ማሽኑን አስነሱት። ስክሪኑ ላይ የታዩት ግን አንድ የመንደር አለቃ ናቸው። በሳሞአኛ ንግግር ያደርጋሉ።

ሽማግሌው ፊታቸው ተለወጠ። «ይህን የቀዳሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ቴፕ አልነበረንም። ትምህርቱ ከተላለፈ በኋላ በላዩ ሌላ እንቀዳለን። የእሷ ትምህርት ላይ መሆኑን አላየሁም።»

ለጋሼ በአማርኛ ነገርኳቸው።

«እኛም ዘንድ እንዲሁ ነበር» አሉ። «ግን አናቆመውም። አዲሱ ካጠረ የድሮው ጫፍ ይተርፋል።»

ጠበቅን። አለቃው ቀጠሉ። ጨረሱ ስንል ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደገና ጀመሩ።

«እኚህ ሰውዬ ዛሬ አይጨርሱም እንዴ!» አሉ ጋሼ። አማርኛው ያልገባቸው ሽማግሌ እንኳ ፈገግ አሉ።

በመጨረሻ ምስሉ ተቆራረጠና አንዲት ወጣት ሴት ታየች። ከኋላዋ የዓሣ ሥዕል ተሰቅሏል። ልጆቹን ደብተራችሁን ዝጉ፣ ነገ ሥዕላችሁን ይዛችሁ ኑ አለቻቸው። ካሜራው የቆመ መስሏት ትከሻዋን ለቀቀችና ወደ አንድ ሰው ተመለከተች።

«ተቀረጸ?»

«ተቀርጿል» አለ ከካሜራው ኋላ ያለ ወጣት ድምፅ። ምድር ቤቱ ውስጥም ሽማግሌው ያንኑ ቃል ከድምፁ ጋር አብረው ደገሙት።

ቴፑ አለቀ። ጋሼ ካሴቱን አውጥተው ሰጧቸው። ሽማግሌው ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አወጡና በካሴቱ ጠርዝ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ቀጭ አድርገው ሰበሯት። እሷ ከተሰበረች በላዩ ሌላ ነገር አይቀዳበትም።