ወንድሜ ያልረገጠው በረዶ

የልጅ ልጄን ኦክላንድ ወዳለው የበረዶ መንሸራተቻ ሜዳ ይዣት ስሄድ፣ አሠልጣኟ መጀመሪያ ያስተማረቻት መውደቅ ነው። ጉልበት አጠፍ አድርጎ በጎን ዘፍ ማለት፣ ከዚያ መነሳት። ወንድሜን ዮናስንም በዚሁ ከተማ እንዲሁ ነበር ያስጀመሩት።

አባባ በንጉሡ ዘመን መንግሥት ለትምህርት ከላካቸው አንዱ ነበሩ። እኛንም ይዘውን መጡ። ጎረቤታችን የነበሩት ካናዳዊ ሽማግሌ በረዶ ላይ በዱላ በሚጫወቱት የልጆች ሆኪ ሊግ ቡድን ያሠለጥኑ ስለነበር፣ «ይህን ቀዥቃዣ ለእኔ ስጡኝ» ብለው ዮናስን ወሰዱት።

እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ሊግ ልጅ የሚያሳድግ አላየሁም። ደካማ ነው ተብሎ አግዳሚ ላይ የሚቀር የለም፤ ሁሉም በተራው ይገባል፣ ሁሉም በተራው ግብ ይጠብቃል። ትልልቆቹ ቀድመው መጥተው የትንንሾቹን ባለ ስለት ጫማ ክር ያስራሉ፤ ደንባቸው ነው። የዮናስን ግን አባባ ለማንም አይሰጡም። ሲቁነጠነጥባቸው፣ «ረጋ በል እንጂ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይሉታል። የተጫዋቾቹ እርጥብ ጓንት ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ።

እንደተወለደ ጥጃ ሲንገዳገድ የነበረው ልጅ፣ በሦስተኛው ዓመት እሱም የሌሎችን ክር አሳሪ ሆነ። ለታላላቆቹ ቡድንም ተመረጠ። ያን ቀን ደስታው አጥግቦት እራት አልበላም።

በዚያው ሰሞን አባባ ተመረቁ፤ ወደ አገር መመለስ ግድ ሆነ። ሽማግሌው ቤታችን ድረስ መጥተው፣ «እኔ ጋ ይቆይ፣ ከልጆቼ ጋር አሳድገዋለሁ» ብለው ለመኑ። አባባ አመስግነው፣ «ልጄን ለሰው አሸክሜ አልሄድም» አሉ። እማዬ ጫማውን ሻንጣ ውስጥ ስትከት ዮናስ፣ «እዚያ በረዶ አለ?» አላት። ምን ታድርግ፣ «ክረምት ላይ ግቢው ነጭ እስኪሆን ይጥላል» አለችው።

አመናት። አዲስ አበባ ከገባን በኋላ ወር ሙሉ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ከረመ። አንድ ከሰዓት በረዶው ወረደ፤ ግቢው እውነትም ነጭ ሆነ። ዮናስ ጫማውን ይዞ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። አባባ ወጥተው እግሩ ሥር ተንበረከኩ። ያን ቀን ተረት አልተረቱም፤ በጥድፊያ አሰሩለት። አስረው ሲጨርሱ ግን በረዶው ቀልጦ ነበር። ዮናስ ወረደ፤ የጫማው ስለት ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። እንደቆመ ቀረ። አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በዓመቱ እግሩ አድጎ ጫማው አልገባ አለው። ወንድሜ በሃያዎቹ ታሞ ሞተብን፣ በረዶ ሜዳ ዳግመኛ ሳይረግጥ።

ዛሬ እኔ ጡረተኛዋ፣ ልጄን ተከትዬ ወደዚሁ ከተማ ተመልሼ፣ ተንበርክኬ የልጅ ልጄን የጫማ ክር አስራለሁ። በየሳምንቱ የሚጠብቃት ሜዳ አላት፤ እሷ ግን፣ «ሃሪ አፕ፣ ግራንድማ» እያለች ታጣድፈኛለች።

«ቀስ በይ የኔ እናት» እላታለሁ። «ይኼኛው አይቀልጥም።»