ያልደረቀው ደጋን

ሰውየው ወደ ኢስታንቡል የደጋን ሠሪዎች መንደር የሚመጣው ሐሙስ ሐሙስ፣ ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ ነው። ስሙን የጠየቀው የለም። ካፖርቱ ክርኑ ላይ በሌላ ቀለም ክር ተጥፏል፤ ጫማውን ግን የደጋን ሠሪው ሱቅ ደጃፍ ላይ ሳይጠርግ አይገባም። አውራ ጣቱ ላይ ቀስተኞች የደጋን ገመድ የሚስቡበት የቀንድ ቀለበት አለ። ጣቱ ስለከሳ እንዳይወልቅበት ክር ጠምጥሞበታል።

ለልጁ ያሠራው ደጋን ጣሪያው ሥር ተሰቅሏል። ልጁ የዘመተው በደጋኑ ጀርባ ላይ የተለጠፈው ጅማት ገና እርጥብ ሳለ ነበር፤ አልተመለሰም።

"ደረቀ ወይ?" ይላል ሁልጊዜ።

"ገና ነው አባቴ። ጅማትና ሽማግሌ ሲያጣድፉት ያኮርፋል" ይለዋል ደጋን ሠሪው ባህቲያር። ሰውየው ፈገግ ብሎ ይሄዳል።

ዛሬ ባህቲያር ታሞ ሱቁን የምትጠብቀው ሚስቱ መህሩ ናት። እሷ ደግሞ ውሸት አይሆንላትም።

"ከደረቀማ ዓመታት አለፉት፤ ላውርድልዎት?" አለችው አንገቷን ደፍታ።

ሰውየው ቀና ብሎ አየው። ገመድ ያልተወጠረበት ደጋን እንደተኛ ሕፃን ኩርምት ብሏል። "ሌላ ጅማት ደርቡበትና እንደገና ይድረቅ" አላት።

"ከዚህ በላይ ከተደረበበት እኮ አባቴ፣ ይጠጥራል። የሚስበው ሰው አይገኝም።"

"አውቃለሁ ልጄ" አለ፣ የቀለበቱን ክር እያጠበቀ። "ሐሙስ መጥቼ እጠይቃለሁ።"